ስሙ አንድ፣ መኪናው አራት

«ቶዮታ ነው» የሚለው ቃል ለየትኛው ጥያቄ ነው መልስ የሚሆነው?

እሑድ ረፋድ ላይ አሜሪካ ውስጥ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኙት ቤተ ክርስቲያኖቻችን የአንዱን የመኪና ማቆሚያ ዞር ዞር ብሎ ያየ ሰው የቶዮታ ሲየና ሚኒቫንን ብዛት ሳያስተውል አይቀርም። አራተኛ ልጅ የተወለደለት፣ እናቱ ከአገር ቤት የመጡለት፣ ቀን ኡበር ነድቶ ማታ ልጆች ከኳስ የሚመልስ፣ ለሱቆች እንጀራ የሚያከፋፍል፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እዚች መኪና ላይ ይገናኛል። ለምን እንደ መረጣት ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስም አንድ ነው፤ «ቶዮታ ነው፣ አይሞትም።» ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም። ዋጋው ይቆረጣል፣ ወረቀቱ ይፈረማል፣ ቁልፉ ይሰጣል።

ግን የትኛው ሲየና ነው የማይሞተው? በዚህ ስም አሜሪካ ውስጥ ከ1998 ሞዴል ጀምሮ አራት የተለያዩ መኪኖች ተሸጠዋል። የመጀመሪያው እስከ 2003፣ ሁለተኛው ከ2004 እስከ 2010፣ ሦስተኛው ከ2011 እስከ 2020፣ አራተኛው ከ2021 ወዲህ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አሜሪካ አቆጣጠር ናቸው። ሞተራቸው ይለያያል፣ ካምቢዮአቸው ይለያያል፣ ሕመማቸው ይለያያል። እኛ ግን ስለ አንዱ የሰማነውን ምስክርነት ይዘን ሌላውን እንገዛለን። አሮጌዎቹ መንገድ ላይ ለፍተው ያተረፉትን ስም ዛሬ ያገለገለ መኪና ነጋዴውም የአዲሱ ዲለርም እኩል እየመነዘሩት ነው። ሒሳቡን የሚከፍለው ደግሞ ያልጠየቀው ገዥ ነው።

ከመጀመሪያው ትውልድ ብንነሳ፣ ዛሬም ድረስ 1999 ሲየና የሚነዳ ሰው አናጣም፤ ወሬውንም የምናወራው እሱን እያሳየን ነው። ያ መኪና ኬንታኪ ውስጥ ተገጣጥሞ ሲወጣ ባለ 3.0 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ያ ሞተር ዘይቱ ውስጡ እየጓጎለ ወደ ጭቃነት በሚለወጥበት ችግር ምክንያት ስንት ሰው አስለቅሷል? ቶዮታ በ2002 ከ1997 እስከ 2002 ለተሠሩ፣ ሲየናን ጨምሮ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ መኪኖች ጥገናውን ራሱ የሚሸፍንበት ልዩ ፕሮግራም እስከ ማውጣት የደረሰው «ለማይሞት» ሞተር ነው? ዘይቷን በጊዜው የቀየረላት ባለቤት ያጋጠማት መኪና ዛሬም ትሄዳለች፤ ሌሎቹ ከወደቁ ቆይተዋል። የቀሩትን ብቻ እየቆጠሩ አይሞትም ማለት፣ ለቅሶ ደርሶ የማያውቅ ሰው «በዚህ ሰፈር ሰው አይሞትም» እንደማለት አይሆንም?

ሁለተኛው ትውልድ ዛሬ በርካሽ የሚገኘው ነው፤ አዲስ ለመጣ ቤተሰብ ዘመድ ፈልጎ የሚያመጣለትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ሻጭን የምጠይቀው ሁለተኛው ጥያቄ ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ግን፣ ሞተሩ የትኛው ነው? የሚል ነው። ምክንያቱም በዚያ አንድ አካል ውስጥ ሁለት ሞተር አለ። ከ2004 እስከ 2006 ያለው 3.3 ሊትር ሲሆን የሚሠራው በጎማ ቺንጋ ነው፤ ቺንጋው ወደ 90 ሺህ ማይል ገደማ ሲደርስ መቀየር አለበት። ከ2007 ጀምሮ የመጣው 3.5 ሊትር ደግሞ ሰንሰለት ስላለው ይህ ወጪ የለበትም። ታዲያ የ2005ቱን 180 ሺህ ማይል ላይ የሚሸጠው ሰው «ሁሉ ነገሯ ሙሉ ነው» ሲል ሁለተኛው ቺንጋ ተቀይሯል ማለቱ ነው? የት ተቀየረ? ደረሰኙስ? ከሌለ፣ ቀጣዩን የቺንጋ ወጪ ከዋጋው ላይ ለምን አንቀንስም?

የ2007ቱን የሚሸጠውም ቢሆን ሰንሰለት ስላለው ብቻ ነፃ አይወጣም። በዚያ ሞተር ላይ ዘይት ከሚያመላልሱት ቱቦዎች አንዱ የጎማ ክፍል ነበረው፤ ሲቀደድ ሞተሩን በደቂቃ ውስጥ ያለ ዘይት ሊያስቀረው የሚችል ነበረ። ቶዮታ ራሱ ቱቦውን የለወጠበት ዘመቻ አካሂዷል። ይህቺ መኪና ያኔ ሄዳ ነበር? የማርሽ መያዣው ፍሬን ሳይረገጥ ከፓርክ ሊወጣ ይችላል ተብሎ በ2013 የ2004፣ የ2005 እና ከ2007 እስከ 2009 ያሉት ሲጠሩስ? በኤሌክትሪክ የሚከፈቱት ተንሸራታች በሮች ገመዳቸው በእርጅና እየተበጠሰ ብዙ ባለቤት ያማረረበት ነገር ነው። ሻጩ በሩን በእጁ ከፍቶ «ባትሪ ለመቆጠብ ነው ያጠፋሁት» ካለ፣ ማጥፊያውን አብርተን አንዴ ቁልፉን መጫን ምን ያስቸግረናል?

ያስቸግረናል፤ ይሉኝታ አለ። እኛ መካከል ያገለገለ መኪና የሚሸጠው በዝምድና ነው። ሻጩ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ወይም የዕቁብ ጓደኛ ነው። «ጋሼ፣ ከመፈረማችን በፊት አንድ መካኒክ ቢያያት ምን ይመስልዎታል?» ማለት አፍ ላይ ይከብዳል። መልሱ ደግሞ አስቀድሞ ይታወቃል። «አታምነኝም እንዴ ልጄ? ቤተሰብ የጫንኩባት መኪና እኮ ናት!» ከዚህ በኋላ መካኒክ የሚጠራ ደፋር ማነው? ግን መካኒክ የሚያየው የሻጩን ልብ ነው ወይስ የመኪናዋን ሆድ? ሻጩ ቅን ሰው ሆኖ፣ ውኃ የሚገፋው ፓምፕ ከሥር እያንጠባጠበ መሆኑን እሱም የማያውቀው ከሆነስ? የ3.5 ሊትሩ ሞተር የውኃ ፓምፕ የማንጠባጠብ ልማድ እንዳለበት መካኒክ ሁሉ ያውቃል፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ዕቃው ሳይሆን የእጅ ዋጋው ነው የሚያስደነግጠው። ይሉኝታው ያተረፈልን ምንድን ነው? ከስድስት ወር በኋላ ሞተሩ ሲሞቅ ገዥና ሻጭ ሰላምታ ያቆማሉ፤ ሁለት ቤተሰብ ይኮራረፋል። ለመካኒክ የሚከፈለው ጥቂት ዶላር መኪናውን ከማዳኑ በፊት ዝምድናውን ያድን ነበር።

እንዲያውም ያለ መካኒክም የሚቻል ነገር አለ። በመስታወቱ ሥር የተጻፈውን የቪን ቁጥር፣ አገር ቤት የሻንሲ ቁጥር የምንለውን፣ የአሜሪካ መንግሥት የትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ገጽ ላይ በነፃ ማስገባት ነው። ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም ፋብሪካው ለጥገና የጠራበት ጉድለት፣ ካለ በደቂቃ ይናገራል፤ ጥገናውም ዲለር ጋ ያለ ክፍያ ይሠራል። ነፃ የሆነውን ነገር ሳያይ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ ሰው ስለ መኪና ዋጋ ሊያማርር ይችላል?

ሦስተኛው ትውልድ ላይ የሪኮሉ ጥያቄ ከሁሉ በላይ ይከብዳል። በኅዳር 2016 ቶዮታ ከ2011 እስከ 2016 የተሠሩ ወደ 744 ሺህ የሚጠጉ ሲየናዎችን ጠርቶ ነበር። ምክንያቱ፣ ተንሸራታቹ በር መኪናው እየሄደ ሳለ ሊከፈት ይችላል የሚል ነው። እሱን በር ነው እኛ ልጅ የምናስደግፈው። «2014 ናት፣ አንድ እጅ የነዳት፣ ጭረት የላትም» የሚለውን ማስታወቂያ የጻፈው ሰው ስለ በሩ አንድ ቃል ለምን አልጻፈም? ገዥውስ ስለ ጭረቱ ጠይቆ ስለ በሩ ያልጠየቀው ልጁ የሚቀመጠው ኮፈኑ ላይ ስለሆነ ነው?

ይህ ትውልድ ረጅም ዕድሜ ኖሯል፤ ስለዚህ በውስጡም አንድ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከስድስት ሲሊንደሩ ጎን ባለ 2.7 ሊትር አራት ሲሊንደር የሆነ ሲየና ይሸጥ ነበር። ከውጭ ሲያዩት ልዩነቱ አይታወቅም፤ ሰባት ሰው ጭኖ ወደ ሼናንዶዋ ዳገት ሲወጣ ግን ይታወቃል። እስከ 2016 ያለው ስድስት ሲሊንደር 266 የፈረስ ጉልበትና ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ነበረው። በ2017 ጉልበቱ ወደ 296፣ ማርሹ ወደ ስምንት አደገ። በ2018 ደግሞ ከፊት ያለው መኪና ሲቆም በራሱ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት በሁሉም ላይ መደበኛ ሆነ። እንግዲህ 2016 እና 2018 ጎን ለጎን ቆመው ሻጭ «ያው ናቸው፣ ቅርጹን ተመልከት» ሲል የሚሸጠው መኪና ነው ወይስ ቅርጽ? የዋጋቸው ልዩነት ሁለት ሺህ ዶላር ቢሆን፣ በራሱ የሚቆም ፍሬን ሁለት ሺህ ዶላር አያወጣም?

ያገለገለ ለሚፈልግ ቤተሰብ ከአራቱ ውስጥ እኔ የምመርጠው ከ2018 እስከ 2020 ያለውን ነው። ይህን ስል ግን እንከን የለሽ ነው እያልኩ አይደለም። ኢንሹራንሶች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ2018 ሚኒቫኖችን ከተሳፋሪው ወገን የፊት ጥግ ባጋጨበት ሙከራ፣ ሲየና ከአራቱ ደረጃዎች ከመጨረሻው ቀድሞ ያለውን ነው ያገኘው፤ ሆንዳ ኦዲሲ ግን የላይኛውን አገኘ። ያ ወንበር በእኛ መኪና ውስጥ የማነው? የእናት ነው። ደግሞም በአራት እግር የሚነዳው ሲየና ትርፍ ጎማ አልነበረውም፤ ተቀድዶም ጥቂት ማይል የሚሄድ ልዩ ጎማ ነበር የተገጠመለት፤ ዋጋውም ልዩ ነው። በረዶ በዓመት ጥቂት ቀን በሚጥልበት ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው «በአራት እግር ካልሆነ» ብሎ ሲጨምር የጎማውን ሒሳብ ጠይቋል?

ታክሲና ኡበር የሠራችውን ሲየና ደግሞ ለብቻዋ ማየት ያሻል። ብዙዎቻችን መንጃ ፈቃዳችንን አውጥተን መጀመሪያ የያዝነው ሥራ ይኸው ስለሆነ፣ ሥራውን ንቄ አይደለም። ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ በሬገን አየር ማረፊያ ሰልፍ ላይ ሞተሯ ሳይጠፋ የቆመችን መኪና በማይሏ ብቻ መገመት ይቻላል? ማይል የሚቆጥረው ጎማ ሲዞር ነው፤ ሞተር ግን ቆሞም ይሠራል፣ ዘይትም ቆሞ ይቃጠላል። ተንሸራታቹ በር በቀን ሃያ ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቷል። እንዲህ ያለችው መኪና ወንበሯ ታጥቦ፣ ጎማዋ ጠቁሮ «የቤተሰብ መኪና» ተብላ ስትወጣ፣ የማን ቤተሰብ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው? በአደጋ ተመትታ በኢንሹራንስ ከተጣለች በኋላ ተጠግና የተመለሰችም እንደዚሁ አለች፤ የባለቤትነት ወረቀቷ ላይ ይጻፋል። ወረቀቱን ለማንበብ የእንግሊዝኛ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት እጅ ላይ መግባቱ ነው።

አሁን ወደ አዲሱ። አራተኛው ትውልድ ከ2021 ጀምሮ ሃይብሪድ ብቻ ሆኖ ነው የመጣው። ስድስት ሲሊንደር ቀርቷል፤ ባለ 2.5 ሊትር አራት ሲሊንደር ከኤሌክትሪክ ሞተሮች ጋር ተዳምሮ 245 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በጋሎን 36 ማይል ይሄዳል፤ ያለፈው 22 ነበር። ይህ ቀልድ አይደለም፣ ለዚህ ትልቅ አካል ትልቅ ነገር ነው። ዲለሩም ያውቀዋል፤ መጀመሪያ የሚናገረው እሱን ነው። «ቤንዚኑ ራሱ ይከፍልልሃል» ይላል።

ይከፍላል? በዓመት 15 ሺህ ማይል የሚነዳ ቤተሰብ እንውሰድ። በቀድሞው ወደ 682 ጋሎን፣ በአዲሱ ወደ 417 ጋሎን ይፈጃል። ልዩነቱ 265 ጋሎን ነው። ጋሎኑ 3 ዶላር ከ30 ሳንቲም ቢሆን በዓመት 875 ዶላር ግድም ተረፈ ማለት ነው፤ በስድስት ዓመት 5,250። እሰየው። አሁን ደግሞ 40 ሺህ ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ለስድስት ዓመት የተበደረ ሰው ወለዱ ብቻ ስንት ይመጣል? ከ9 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ቤንዚኑ የቆጠበውን ባንኩ ወስዶ፣ ተጨማሪም ጠየቀ። ታዲያ ዲለሩ የቤንዚኑን ሒሳብ በቃሉ ሲያውቅ የወለዱን ለምን ይረሳል? እኛስ «በወር ስንት ነው?» ከማለት ሌላ «በጠቅላላ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ከአፋችን የማይወጣው ለምንድን ነው? ወርኃዊ ክፍያን ማሳነስ ቀላል ነው፤ ዓመቱን ማስረዘም ብቻ ነው የሚፈልገው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ያገለገለውን በብድር የሚገዛም ከወለድ አያመልጥም፤ ባንኮች ለአሮጌ መኪና የሚያስከፍሉት ወለድ ይብሳል። በአዲሱ ለይቶ የሚጠቀም ሰውም አለ፤ ኡበር የሚነዳው። በዓመት 40 ሺህ ማይል፣ አብዛኛውን ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ እያለ ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ከ3 ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል፤ የቀድሞው ሲየና ከተማ ውስጥ 19 ማይል ነበር የሚሄደው፣ አዲሱ ከተማ ውስጥም ያው 36 ነው። ለእሱ አዲሱ ሥራ ነው። ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ ቤተሰብ ግን ምንድን ነው? «እገሌም ገዛ» የሚለው መልስ እዚህ ሒሳብ ውስጥ የት ይገባል?

ዋጋውን ራሱን እንጠይቅ። በ2021 ሲወጣ መነሻው 34,460 ዶላር ነበር፤ በ2025 ወደ 40 ሺህ ተጠጋ። በ2021 ሰሞን የኮምፒውተር ቺፕ እጥረት ፋብሪካዎችን ሲያስቆም፣ ሰው ወር ቆጥሮ ወረፋ ሲጠብቅ፣ በየቦታው ዲለሮች ከተለጠፈው ዋጋ በላይ በሺህ የሚቆጠር ዶላር እየጨመሩ «የገበያ ማስተካከያ» የሚል ስም ሰጡት። ምን ተስተካከለ? መኪናው ያው ነው። ያገለገለውም ገበያ አብሮ ሰከረ፤ እስከ ጥር 2022 ባለው አንድ ዓመት ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ አሜሪካ ውስጥ በ40 በመቶ ጨምሮ ነበር። ያን ጊዜ በፍርሃት የተገዛ መኪና ዛሬ ባለቤቱ ከሚፈለግበት ዕዳ ያነሰ ዋጋ ሲያወጣ፣ «ቶዮታ ዋጋው አይወርድም» ያለን ሰው የት ሄደ?

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አዲሱ ሲየና ላይ የሚያናድደኝ የመካከለኛው ወንበር ነው። በሦስተኛው ትውልድ የሁለተኛው ረድፍ ወንበር ይወጣ ነበር፤ ከባድ ቢሆንም ይወጣል። ሲወጣና የኋላው ወለሉ ውስጥ ሲታጠፍ 150 ኪዩቢክ ጫማ ባዶ ቦታ ይገኛል። በአዲሱ አይወጣም፤ የሚገኘው 101 ነው። ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ወንበሩ ውስጥ የጎን ኤርባግ ስላለ ነው የሚል ነው፤ ምክንያቱ አያሳፍርም፣ ደኅንነት ነው። ግን ሚኒቫን ማለት ሰው ሲጭን ውሎ ማታ ሶፋ የሚጭን መኪና አልነበረም? እንጀራ ለሱቅ የሚያከፋፍለው፣ ለሠርግ ድስትና ወንበር የሚያመላልሰው፣ ከአፓርታማ ወደ አፓርታማ በራሱ መኪና የሚዛወረው ሰው በዋጋው ውስጥ ሲሶውን ቦታ ቀንሰውለታል? ወደ ዱለስ አየር ማረፊያ ዘመድ ለመሸኘት ለሚሄድ ሰው ግን ችግር የለም። የአየር መንገዱ ሁለት ሁለት ሻንጣ ከኋላ በደንብ ይገባል። የሚያስቸግረው ፍራሹ ነው።

ይህን ስጽፍ ለራሳችንም አንድ ጥያቄ አለኝ። የድሮው ሲየና ያላቸው ሰዎች ወንበሩን ስንት ጊዜ አውጥተውታል? አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው አውጥቶ የት ያስቀምጠዋል? ብዙዎቹ አንድም ጊዜ አላወጡትም። እንዲህ ላለው ቤተሰብ የአዲሱ ጉድለት ጉድለት አይደለም፤ እኔም ቅሬታዬን ወደ ኪሴ እመልሳለሁ። ጥያቄው ወደ ገዥው ይመለሳል ማለት ነው። መኪናውን ከማየቱ በፊት ያለፈውን ዓመት ሥራውን አይቷል?

ስለ ሃይብሪድ ባትሪ የሚወራው ግን ከልክ አልፏል። «ባትሪው ሲሞት ሌላ መኪና መግዛት ነው» የሚሉት ብዙ ጊዜ ራሳቸው ፕሪየስ ታክሲ በመቶ ሺህ ማይል የሚቆጠር ነድተው ልጅ ያስተማሩ ሰዎች ናቸው። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ወዲህ ለሃይብሪድ ባትሪ የሚሰጠው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ነው፤ ከሁለቱ የቀደመው ሲደርስ ያበቃል። ለሁለተኛ ገዥም ያልፋል። ይልቅ የማይጠየቀው ሌላ ነው። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከተሳፋሪው ክፍል በሚሳብ አየር ነው፤ የአየር መግቢያው እንዳይዘጋ፣ ማጣሪያውም እንዲጸዳ የመኪናው መመሪያ ያዛል። አራት ሕፃናት ቆሎና ብስኩት የበተኑበት መኪና ውስጥ ያንን ማጣሪያ ያየው ማነው? ያገለገለ የ2021 ሲየና የሚገዛ ሰው ስለ ባትሪው ሞት ከማሟረት ይልቅ ይህቺን ጥያቄ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ሌላ ብራንድ ለምን አይታይም የሚለውንም ማለፍ አልፈልግም፤ ባጭሩ ግን። በቤንዚን ብቻ የሚሄደው ክራይስለር ፓሲፊካ መካከለኛ ወንበሩን ወለል ውስጥ አጥፎ ይደብቃል። የሆንዳ ኦዲሲ ወንበሩ ይወጣል፣ ስድስት ሲሊንደሩም አለ። ኪያ ካርኒቫልም በሃይብሪድ መጥቷል። አንዳቸውም ፍጹም አይደሉም፤ ግን ለማነጻጸር እንኳን ዲለራቸው ጋ ያልደረሰ ገዥ ሲየናን መረጥኩ ሊል ይችላል? ቶዮታስ ሳይወዳደር የሚገዛው ሰው እያለ ዋጋ የሚቀንስበት ምን ምክንያት አለው?

«ብታረጅም ወደ አገር ቤት እልካታለሁ» የሚል ስሌት የነበራቸውም ነበሩ። ያ በር ተዘግቷል። ኢትዮጵያ በ2020 ባወጣችው የኤክሳይስ ታክስ ሕግ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነች፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለች። ስለዚህ እዚህ የተገዛች መኪና እዚሁ እስክትወድቅ የምትነዳ ናት፤ ሒሳቡም እንደዚያው መሠራት አለበት።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ለሻጭም ለዲለርም አይደለም፣ ለሠሪዎቹ ነው። ያው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ2023 አራት አዳዲስ ሚኒቫኖችን ፊት ለፊት ሲያጋጭ፣ በዚህ ጊዜ አሻንጉሊት ያስቀመጠው ኋላ ወንበር ላይ ነበር፤ ቁመቱ የአጭር ሴት ወይም የ12 ዓመት ልጅ ያህል። ሲየና፣ ፓሲፊካና ካርኒቫል ከመጨረሻው ቀድሞ ያለውን ደረጃ አገኙ፣ ኦዲሲ የመጨረሻውን። አንዳቸውም ጥሩ የሚባል አላገኙም። ፊት ያለው ሰው በደንብ ተጠብቆ ሳለ ነው ይህ። ሚኒቫን የተሠራው ኋላ ለሚቀመጡት እንደሆነ ማስታወቂያው ሁሉ ይናገራል። በ2025 ውድ በሆኑት ሲየናዎች ላይ ማቀዝቀዣ ፍሪጅና የውስጥ ማጽጃ ቫክዩም ገጥማችኋል። ለፍሪጁ ቦታና ገንዘብ ሲገኝ፣ ለሁለተኛው ረድፍ የወንበር ቀበቶ ማሻሻያ ያልተገኘው ምን ጎድሎ ነው? ይህንንስ ጥያቄ ዲለር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ እስክሪብቶውን ሳያነሳ የጠየቀ ስንት ገዥ አለ?